ሰፕላይ ቼይን ለመማር ላሰባችሁ፦ ከዲፓርትመንት ምርጫ እስከ መጀመሪያው ሥራ

አንድ መርከብ 50 ሺህ ቶን ዩሪያ ጭኖ ጅቡቲ ገባ እንበል። ማዳበሪያው እዚያው ወደቡ ላይ በ50 ኪሎ ከረጢት ይሞላል። አንድ ተሳቢ 400 ኩንታል ይጭናል ብንል፣ የዚያን አንድ መርከብ ጭነት አገር ቤት ለማስገባት 1,250 ምልልስ ያስፈልጋል። መኪኖቹ በጋላፊ የድንበር ኬላ በኩል ይገቡና ዩኒየን (የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥምረት) መጋዘን ያራግፋሉ። ከዩኒየን ወደ መሠረታዊ ማኅበር፣ ከማኅበሩ ወደ ገበሬው ይሄዳል። ይህ ሁሉ የዘር ወቅት ሳያልፍ ማለቅ አለበት። በሰኔ የሚፈለግ ማዳበሪያ መስከረም ላይ ቢደርስ ወጪው ያው ነው፤ ገበሬው ግን አይጠቀምበትም።

ሰፕላይ ቼይን ማኔጅመንት የሚባለው ትምህርት ስለዚህ ነው። ምን ያህል ይገዛ? ከማን? መቼ ይታዘዝ? በምን ይምጣ? የት ይቀመጥ? ማን ፈርሞ ይረከብ? የገቢና የወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ስለዚህ እነዚህ ጥያቄዎች እኛ አገር የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደሉም። የዘይት ዋጋ ከነሱ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ጤና ጣቢያ ውስጥ መድኃኒት መኖር አለመኖሩም በነሱ ይወሰናል።

ይህን የምጽፈው 12ኛ ክፍል ለጨረሳችሁ፣ ፍሬሽማን ላይ ሆናችሁ ለምታመነቱ፣ እንዲሁም ዲፓርትመንቱ ደርሷችሁ ምን እንደሆነ በደንብ ላልገባችሁ ነው። ብዙ ነገር እላለሁ፤ ከሁሉ በላይ የማምንበት ግን አንድ ነው። አንድ ዕቃ መርጣችሁ ከመነሻው እስከ መድረሻው ተከተሉት። ኮርሶቹን፣ ኢንተርንሺፑን፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በሙሉ በሱ ዙሪያ ስሩ። እንዴት እንደሚሆን አራተኛው ደረጃ ላይ በሰፊው እመለስበታለሁ።

ደረጃ 1፦ ትምህርቱ ለእናንተ መሆኑን እወቁ

ሒሳብ ትፈራላችሁ? ያን ያህል ከባድ ሒሳብ የለውም። ቁጥር የሚሰለቻችሁ ከሆነ ግን ችግር ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ሙሉ ቀን ኤክሴል ላይ የሚዋልበት ጊዜ ብዙ ነው። ከሰው ጋር መነጋገርም ግድ ይላል። ጠዋት ከአቅራቢ ጋር ዋጋ ትከራከራላችሁ። ከሰዓት ከሹፌር ጋር በስልክ ታወራላችሁ። ማታ አለቃችሁ ዕቃው ለምን እንደዘገየ ይጠይቃችኋል።

አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። ሱቅ ገብታችሁ ስኳር ሲያልቅ «ለምን አለቀ? ከየት ነው የሚመጣው? መቼ ነው የታዘዘው?» የሚል ሐሳብ በራሱ የሚመጣባችሁ ከሆነ፣ ትምህርቱ ይስማማችኋል።

ደረጃ 2፦ የት ትማራላችሁ?

በአገራችን ቀጥተኛው መንገድ የሎጂስቲክስና ሰፕላይ ቼይን ማኔጅመንት ዲግሪ ነው። በስፋት የሚታወቀው ሁላችንም ኮሜርስ የምንለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነው። ሰንጋ ተራ ያለው ይህ ግቢ ከ80 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ ለዚያ ቀደም ብላችሁ ተዘጋጁ። ሌሎች የመንግሥትና የግል ተቋማትም ፕሮግራሙን ይሰጣሉ። የግል ኮሌጅ ከመረጣችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የፕሮግራሙን ዕውቅና አጣሩ። የኮሌጁ ዕውቅና እና የፕሮግራሙ ዕውቅና ለየብቻ ናቸው። የምትማሩበት ካምፓስም በዕውቅናው ውስጥ መካተቱን አረጋግጡ።

ሌሎች በሮችም አሉ። የመንግሥት ግዥ ላይ ማተኮር የሚፈልግ ሰው የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲን ይመልከት፤ በመንግሥት ግዥና ንብረት አስተዳደር ያስተምራል። ፋርማሲ የተማረ ሰው ደግሞ በመድኃኒት አቅርቦት ሁለተኛ ዲግሪ መያዝ ይችላል፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ይህን ይሰጣል። ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ያጠና ሰውም ፋብሪካ ውስጥ ዕቅድና ምርት ላይ በቀላሉ ይገባል። እንዲያውም ተፈጥሮ ሳይንስ ላይ ላላችሁ ይህ የኢንጂነሪንግ መንገድ ሊያዋጣ ይችላል። ማኔጅመንት ወይም አካውንቲንግ ደርሷችሁ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ። ግዥ ክፍል ውስጥ ካሉት ሰዎች ብዙዎቹ የዚያ ዲፓርትመንት ልጆች ናቸው።

ደረጃ 3፦ የትኞቹን ኮርሶች ጠበቅ ታደርጋላችሁ?

ሁሉም ኮርስ እኩል አይደለም። ስታቲስቲክስ፣ ኦፕሬሽንስ ማኔጅመንት፣ ኮስት አካውንቲንግ እና የኢንቬንተሪ (የዕቃ ክምችት አያያዝ) ኮርሱን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ያዙ። የቀሩትን በጥሩ ውጤት እለፏቸው።

ምን ለማለት እንደፈለግኩ በምሳሌ ላሳያችሁ። አንድ ጤና ጣቢያ በሳምንት 40 ፓኬት አሞክሳሲሊን ይጠቀማል። ካዘዘ በኋላ ዕቃው እስኪመጣ 3 ሳምንት ይፈጃል። ለክፉ ቀን የአንድ ሳምንት፣ ማለትም 40 ፓኬት መጠባበቂያ ይይዛል። መቼ ነው የሚያዝዘው? 40 ሲባዛ በ3፣ ሲደመር 40፤ 160 ነው። መደርደሪያው ላይ 160 ሲቀር ማዘዝ አለበት። 100 እስኪቀር ከጠበቀ፣ ዕቃው ከመምጣቱ በፊት ባዶ መደርደሪያ ያያል። ይህ ቀላል ስሌት ነው። ግን ስንት ቦታ ሳይሠራ ይቀራል።

ሁለተኛ ምሳሌ። አንድ ድርጅት በዓመት 2,400 ካርቶን ወረቀት ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ለማዘዝ 1,500 ብር ወጪ አለው። አንድ ካርቶን ዓመቱን ሙሉ ለማስቀመጥ 20 ብር ያስወጣዋል። በአንድ ጊዜ ስንት ይዘዝ? 2ን በ2,400 እና በ1,500 አባዙ፣ ለ20 አካፍሉ፣ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ። 600 ይመጣል። በዓመት አራት ጊዜ 600 ካርቶን ማለት ነው። ይህ ፎርሙላ ከ1913 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ፈተና ላይም አይቀርም።

አሁን መምህራችሁ ላይነግራችሁ የሚችለው ነገር ይሄ ነው። ፎርሙላው በፈለጋችሁ ሰዓት ማዘዝ እንደምትችሉ ይገምታል። እኛ አገር ለረጅም ዓመታት አስመጪው የሚያዝዘው ስሌቱ ሲነግረው ሳይሆን ኤልሲ (ባንክ ለውጭ አገር ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ሲከፈትለት ነበር። ዶላር ባገኘበት ቀን የሚችለውን ሁሉ ይገዛ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ደግሞ የሚያስጨንቀው የብሩ ዋጋ ሆነ። በተጨማሪ ውጭ አገር የተጻፈ መጽሐፍ ስለ ፍላጎት መዋዠቅ ብዙ ያወራል። እኛን ግን ይበልጥ የሚጎዳን የመድረሻ ጊዜው መዋዠቅ ይመስለኛል። አንዱ ኮንቴይነር በወር ይደርሳል፤ ተመሳሳዩ በሦስት ወር። ስለዚህ መጠባበቂያ ክምችት ስታሰሉ የአማካዩን ጊዜ ብቻ አትውሰዱ። ከአማካዩ ምን ያህል ወዲያና ወዲህ እንደሚል እዩ። ስታቲስቲክስን ጠበቅ አድርጉ ያልኩት ለዚህ ነው።

ኤክሴል ላይ ፒቮት ቴብል፣ ኤክስሉክአፕ እና ሰምኢፍስን ሁለተኛ ዓመት ሳታልፉ ቻሉ። ለቅጥር ፈተና ሲጠሯችሁ ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጧችሁ ኮምፒውተር ፊት ነው።

ደረጃ 4፦ አንድ ዕቃ ምረጡና ተከተሉት

ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ዕቃ ምረጡ። ቡና፣ ማዳበሪያ፣ ክትባት፣ አበባ፣ ሲሚንቶ፣ የመኪና መለዋወጫ፣ የፈለጋችሁትን። ቢቻል ከቤተሰባችሁ ወይም ከአካባቢያችሁ ጋር የሚገናኝ ይሁን። የጅማ ልጅ ቡና ቢይዝ የሚጠይቀው አጎት አያጣም። መርካቶ ያደገ ደግሞ ጨርቃ ጨርቅ ወይም መለዋወጫ ቢይዝ በሩ ላይ ነው።

ቡናን እንውሰድ። ቀይ እሸት ቡና ከገበሬው ተነስቶ መፈልፈያና ማጠቢያ ጣቢያ ይገባል፤ ወይም በጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው፣ ይደርቃል። ተቀሽሮ፣ ተለቅሞ፣ ተቀምሶ ደረጃው ይወጣል። በ60 ኪሎ ጆንያ ይሞላል። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ብዙውን ጊዜ 320 ጆንያ ይይዛል፤ 19.2 ቶን ማለት ነው። ከዚያ በመኪና ወይም በባቡር ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፣ በመርከብ ወደ ጀርመን ወይም ወደ ሳዑዲ ይሄዳል።

በየመገናኛው ላይ ቆማችሁ አራት ነገር መዝግቡ። እዚህ ዕቃው ስንት ቀን ይቆያል? ወጪው ስንት ነው? ማን ነው ኃላፊው? ምን ሰነድ ይወጣል? ያገኛችሁትን በአንድ ሰንጠረዥ አስቀምጡ። አንዳንዱን ቁጥር ከሰው፣ አንዳንዱን ለሕዝብ ይፋ ከሆነ ሪፖርት፣ አንዳንዱን በግምት ታገኛላችሁ። ግምቱን ግምት ብላችሁ ጻፉ። ሰንጠረዡ ሲሞላ ብዙ ጊዜ የምታዩት ነገር ያስደንቃችኋል። ዕቃው ከሚጓዝበት ጊዜ ቆሞ የሚጠብቅበት ይበልጣል።

ዕቃችሁን ስትይዙ ዜና የምትሰሙበት ጆሮም ይቀየራል። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ ስዊዝ ካናልን 6 ቀን ዘግታ ነበር። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት ምክንያት ብዙ የመርከብ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ ጀመሩ። ከቻይና ወደ ጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ ስዊዝን አይነካም። ወደ ጀርመን የሚሄደው ቡና ግን ይነካል። ቡና የያዘ ተማሪ ይህን ወዲያው ያያል። በአጠቃላይ ያጠና ሰው ግን «ቀይ ባሕር ተዘጋ» ብሎ ያልፈዋል።

ወይም የአውሮፓ ኅብረት ያወጣውን የደን ጭፍጨፋ ሕግ ውሰዱ። ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ የት እንደሆነ የሚያሳይ መረጃ ይጠይቃል። ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ተራዝሟል፤ ዝግጅቱ ግን አልቆመም። የሚሊዮኖች አነስተኛ አርሶ አደሮችን ማሳ ማን ይመዘግባል? መረጃው ከጆንያው ጋር እንዴት ይያያዛል? እዚህ ውስጥ ሥራ አለ። ያንን ሥራ የሚያገኘው ሰንሰለቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ነው።

ደረጃ 5፦ ሰነዶቹን በእጃችሁ ያዙ

ክፍል ውስጥ በስም ብቻ የሚጠሩ ሰነዶች ሥራ ላይ ሙሉ ቀናችሁን ይወስዳሉ። ፕሮፎርማ ኢንቮይስ፣ ኮሜርሻል ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ)፣ የስሪት አገር ሰርተፊኬት፣ የጉምሩክ ዴክላራሲዮን። የእያንዳንዱን ናሙና ፈልጉና አንብቡ። ማን አዘጋጀው? ለማን? አንዱ ላይ ያለው ክብደት ሌላው ላይ ካለው ጋር ባይገጥም ምን ይሆናል? ዕቃው ይቆማል። የመጋዘን ኪራይና ዴመሬጅ (ኮንቴይነር በመዘግየቱ የሚከፈል ቅጣት) መቁጠር ይጀምራል።

ኢንኮተርምስ 2020 በሚባለው፣ ሻጭና ገዢ ወጪና ኃላፊነት የሚከፋፈሉበት ዓለም አቀፍ ደንብ ውስጥ 11 ውሎች አሉ። ኤፍኦቢ (ዕቃው መርከብ ላይ እስኪጫን ያለው ዋጋ) እና ሲአይኤፍን (ዕቃው ከነኢንሹራንሱና ከነመርከብ ኪራዩ ያለው ዋጋ) በደንብ ለዩ። ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው በሲአይኤፍ ዋጋ ላይ ስለሆነ፣ የመርከብ ኪራይ ሲጨምር ቀረጡም ይጨምራል። መልቲሞዳል ከዩኒሞዳል በምን እንደሚለይም እወቁ። በመልቲሞዳል ዕቃው በአንድ አጓጓዥ ኃላፊነት እስከ ሞጆ ወይም ሌላ ደረቅ ወደብ ይመጣል። በዩኒሞዳል አስመጪው ጅቡቲ ላይ በራሱ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ያስጨርሳል።

መንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚገባ ሰው ደግሞ ሞዴል 19፣ ሞዴል 20 እና ሞዴል 22 የዕለት እንጀራ ናቸው። 19 ዕቃ ሲገባ፣ 20 ሲጠየቅ፣ 22 ሲወጣ። ቢን ካርዱ (የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) ላይ ያለው ቁጥርና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ሲለያዩ የሚጠየቀው የፈረመው ሰው ነው። ቆጥራችሁ ሳትጨርሱ ምንም አትፈርሙ።

ደረጃ 6፦ ኢንተርንሺፕ

ደብዳቤ ይዛችሁ ስትዞሩ በሩ ላይ «ምን መሥራት ትፈልጋለህ?» ሲሏችሁ «የተገኘውን» አትበሉ። ዕቃችሁን ጥሩ። «የቡና ኤክስፖርት ሰነድ ዝግጅት ላይ ማገዝ እፈልጋለሁ» የሚል ተማሪ ይቀበሉታል።

የት ልሂድ ካላችሁ ሞጆ ደረቅ ወደብን አስቀድማለሁ። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮንቴይነር ሲወርድ፣ ሲፈተሽ፣ ሲወጣ በአንድ ግቢ ታያላችሁ። ቦሌ ያለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ካርጎ ደግሞ አበባ፣ ሥጋና ክትባት ለያዘ ሰው ነው። ቀዝቃዛ ሰንሰለት የሚባለውን እዚያ ታያላችሁ። ክትባት አብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መቆየት አለበት፤ ፀሐይ ላይ መቆየት ሥራውን ሁሉ ሊያበላሽ ይችላል። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በየክልሉ ቅርንጫፎች ስላሉት አዲስ አበባ ላልሆናችሁ ይመቻል። ፋብሪካዎች፣ የኢንዱስትሪ ፓርኮች፣ የቢራና የለስላሳ አከፋፋዮችም ጥሩ ናቸው።

ምደባችሁ ፎቶ ኮፒ ማንሳት ብቻ ከሆነ አንድ ነገር ጠይቁ። የዓመቱን የዕቃ ወጪና ገቢ ውሰዱና በዋጋ ቅደም ተከተል ደርድሩት። አብዛኛውን ገንዘብ የያዙት ጥቂት ዕቃዎች መሆናቸውን ታያላችሁ። ያንን በአንድ ገጽ አድርጋችሁ ለኃላፊው ስጡ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁም ከዚያው ይወጣል። «የሎጂስቲክስ ተጽዕኖ በድርጅት አፈጻጸም ላይ» የሚል መጠይቅ የመቶ ተማሪ ርዕስ ነው። የአንድ መጋዘን የ12 ወር መዝገብ ግን የእናንተ ብቻ ነው።

የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ። ካለፉት ዓመታት ኮርሶች ስለሚወጣ የድሮ ደብተራችሁን አትጣሉ።

ደረጃ 7፦ ሥራው የት ነው?

ግዥ አንዱ ነው። ግልጽ ጨረታ፣ ውስን ጨረታ፣ ፕሮፎርማ፣ ቀጥታ ግዥ፤ እያንዳንዱ መቼ እንደሚፈቀድ ሕግ አለው። የመንግሥት ግዥ አዋጁ በቅርብ ተቀይሯል፤ የድሮውን 649/2001 ሸምድዳችሁ ፈተና እንዳትገቡ። ግዥው ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየገባ ስለሆነ እሱንም ልመዱ። አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ግዥ ላይ ጉቦ ይመጣል። መጀመሪያ በምሳ ግብዣ፣ ቀጥሎ «ለልጅህ» በሚል ይመጣል። ከመግባታችሁ በፊት ወስኑ። የመጀመሪያውን ስጦታ በጽሑፍ ለአለቃችሁ አሳውቃችሁ መልሱ። ሁለተኛው አይመጣም።

መጋዘን ሰው ይንቀዋል፤ ለጀማሪ ግን እንደ ስቶር የሚያስተምር ቦታ አላውቅም። ዜሮ ዓመት ልምድ የሚቀበሉ ማስታወቂያዎችም ብዙ ጊዜ እዚያ ናቸው። ትራንዚተርነት ደግሞ ከጉምሩክ ኮሚሽን ፈቃድ ይጠይቃል። ጥሩ ትራንዚተር ቢሮ ከፍቶ ለራሱ ይሠራል። የፍሊት (የድርጅት መኪኖች) አስተዳደር አለ፤ ነዳጅ፣ ጎማ፣ ሹፌር፣ መስመር። ፋብሪካ ውስጥ የፍላጎት ትንበያና የምርት ዕቅድ አለ፤ ቁጥር ለሚወድ ሰው ከሁሉም ይሄ ይጥማል።

የሰብዓዊ ዕርዳታ ሎጂስቲክስን ለብቻው ላንሳው። የዓለም ምግብ ፕሮግራምና ሌሎች ድርጅቶች እዚህ ትልቅ ሥራ አላቸው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ቦሌ ለአፍሪካ የሕክምና ቁሳቁስ ማከፋፈያ ማዕከል ሆኖ ነበር። እነዚህ ድርጅቶች ጥሩ እንግሊዝኛ፣ ጥንቃቄ ያለው ሪፖርት እና ክፍለ አገር ለመኖር ፈቃደኝነት ይፈልጋሉ። ጎዴ ወይም ሰመራ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው አዲስ አበባ ለአምስት ዓመት ቢሮ ከተቀመጠው ይመረጣል።

ደረጃ 8፦ ሰርተፊኬትና ሁለተኛ ዲግሪ

ነፃ ከሆነው ጀምሩ። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የሚሰጠው የሰፕላይ ቼይን ማይክሮማስተርስ አምስት ኮርሶች አሉት። ሰርተፊኬት ካልፈለጋችሁ ትምህርቱን ያለ ክፍያ መከታተል ይቻላል። ከነሱ ውስጥ ሰፕላይ ቼይን ፈንዳመንታልስ የሚባለው ኮርስ ብቻ የኢንቬንተሪ ኮርሳችሁን ያጠናክረዋል። ሲፕስ የተባለው የእንግሊዝ የግዥ ባለሙያዎች ተቋም የሚሰጠው ሰርተፊኬት እና ቀድሞ አፒክስ ይባል የነበረው የአሜሪካው ማኅበር ኤኤስሲኤም የሚሰጠው ሲኤስሲፒ የተባለ የሰፕላይ ቼይን ሰርተፊኬት ዓለም አቀፍ ተቀባይነት አላቸው። ክፍያቸው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው። ሥራ ከያዛችሁ በኋላ ቀጣሪያችሁ እንዲከፍል ጠይቁ። ጭነት ማስተላለፍ ላይ ለምትገቡ የፊያታ (የዓለም አቀፍ የጭነት አስተላላፊዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን) ዲፕሎማ ይበልጥ ይጠቅማል።

አሜሪካ ወይም ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ወገኖቻችን ብዙዎቻችሁ መጋዘንና ጭነት መኪና ላይ ናችሁ። ያንን ልምድ ዝቅ አድርጋችሁ አትዩት። የመጋዘን ሶፍትዌር የነካ፣ ፈረቃ የመራ ሰው በዚያ ላይ ኮርስ ቢጨምር ወደ ዕቅድ ክፍል ማለፍ ይችላል። አለቃችሁን የትምህርት ድጋፍ መኖሩን ጠይቁ፤ ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች አላቸው።

ሁለተኛ ዲግሪን በተመለከተ፣ እኔ ከመጀመሪያው ዲግሪ ቀጥሎ ወዲያው እንድትገቡ አልመክርም። ሁለት ዓመት ሥሩ። ከዚያ በማታ መርሐ ግብር ግቡ። ሲቪያችሁን ስትጽፉም «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል» የሚለውን አውጡትና ዕቃችሁንና ቁጥራችሁን አስገቡ፦ ምን ዕቃ፣ ስንት ዓይነት፣ በየትኛው መጋዘን፣ የቆጠራ ልዩነቱ ከስንት ወደ ስንት ወረደ። በደረጃ 4 የሠራችሁትን ሰንጠረዥ አትማችሁ ለቃለ መጠይቁ ይዛችሁ ሂዱ።